ሙሴ ኬቮርክና የአርባዎቹ ሰልፍ

ባለፈው ዓመት አንድ ጥሪ ደረሰኝ። በተወለድኩባት በሸዋ ሮቢት የተማሪዎች ማርሽ ባንዶች ስለሚወዳደሩ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንድሆን የሚጠይቅ ነበር። በወጣትነቴ ለጥቂት ዓመታት ትራምፔት ነፍቻለሁ። ዛሬ እንጀራዬ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ለአገሬ ልጆች ግን አሁንም ሙዚቀኛው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ስመለስ ግን አንድ ዕዳ ይዤ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ያ ዕዳ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ የደረበ ሰው፣ ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲጠማዘዝ ጋቢውን ያወልቃል። ይፋት ቆላ ሲደርስ ደግሞ ሸሚዙንም ለማውለቅ ይከጅለዋል። ሮቢት ደረስን ማለት ማንጎ፣ ሽንኩርት፣ ትምባሆ፣ የባጃጅ ጥሩምባና ከአስፋልቱ የሚነሳ ወላፈን ማለት ነው። እኔ ያደግኩት በዚያ ወላፈን ነው።

ውድድሩ የተካሄደው ከረፋዱ ጀምሮ በኳስ ሜዳው ላይ ነበር። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት ተሰጠን። ለሰልፍና ለእርምጃ 30 ነጥብ፣ ለምትና ለቃና ትክክለኛነት 30፣ ለደንብ ልብስ 20፣ ለአጠቃላይ ሥነ ሥርዓት 20፤ ድምሩ 100። ሒሳብ አዋቂ ስለሆንኩ ወረቀቱ ደስ አለኝ። የጎደለበት ነገር መኖሩ የታየኝ ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ባንድ ገባ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል። ሁለት ማርሽ ተጫወተ፤ አንድም ስህተት አልሰማሁም። ሕዝቡ በጨዋነት አጨበጨበና ወደ ወሬው ተመለሰ።

ቀጥሎ የገቡት ልጆች መሣሪያቸው ግማሽ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ረግጦ ሲያልፍ ከጠፋው ንብረት የእነሱም መሣሪያ እንደሚገኝበት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ነገሩኝ። ትልቁ ከበሮ በጀሪካን ተተክቷል። የደንብ ልብስ የሚባል የለም፤ ሁሉም ያለውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የመጀመሪያውን ማርሽ ሲጀምሩ ትራምፔቱ ቃና ሳተ፣ የኋለኛው ረድፍ እርምጃ ተዛባ። እስክሪብቶዬ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ጀሪካኑ የሚመታው ልጅ ማርሹን ተወና ወደ ይፋት ጭፈራ ምት ገባ። ትራምፔቱ ተከተለው። ሌሎቹም ተከተሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ሌላ ሆነ። እናቶች እልል አሉ፣ ባጃጅ ነጂዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ገቡ፣ እኒያ አጠገቤ የነበሩት አባት ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ያቺ ከተማ እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

የእኔ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ባንድ 91 አገኘ፣ ሁለተኛው 58። ሌሎቹ ዳኞችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ውጤቱ ሲነበብ ሕዝቡ አጉረመረመ። ስንበተን ትራምፔት ነፊው ልጅ መጥቶ ምን ማስተካከል እንዳለባቸው ጠየቀኝ። መስመር፣ እርምጃ፣ የከንፈር ልምምድ እያልኩ ዘረዘርኩለት። በትሕትና አዳመጠኝና አንድ ነገር ጨምሮ ጠየቀኝ፤ ሰዉ መጨፈሩ ስንት ነጥብ እንደነበረው። መልስ አልነበረኝም።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ዋሻው ውስጥ ሳለሁ ነው ሙሴ ኬቮርክ ትዝ ያሉኝ።

ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚለው ስም ለዛሬ ወጣት እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሥራቸው ግን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ የተባለውን፣ አገሪቱ እስከ አብዮቱ የቆመችበትን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ዕድሜው የፈቀደለት አንባቢ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ፣ ባንዲራ ሥር፣ በጠዋት ብርድ ደረቱን ነፍቶ ዘምሮታል።

የተወለዱት በ1887 እ.ኤ.አ. በአይንታብ፣ ዛሬ ጋዚያንቴፕ በምትባለው የቱርክ ከተማ፣ ከአርመን ቤተሰብ ነው። አገራቸው በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበረች። በ1915 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጭፍጨፋ የአርመንን ሕዝብ ሲያጠፋና ሲበትን፣ ከሞት የተረፉት ወደ ሶርያ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም ፈለሱ። ከእነዚህ መካከል አባትና እናት የሌላቸው ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ኢየሩሳሌም ያለው የአርመን ገዳም ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ሲያሳድግ፣ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ የነሐስ መሣሪያ መንፋት ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ይገባል። በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹና እንደራሴው ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ በሚያደርጉት ጉዞ መንገድ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና ዓመት አልሞላም። በአርመኖቹ ገዳም የልጆቹ ባንድ ተጫወተላቸው። ራስ ተፈሪ በሰሙት ነገር ልባቸው ተነካ። የልጆቹን ታሪክ ሲሰሙ ደግሞ የበለጠ ተነካ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው 40 ልጆችን ወደ ኢትዮጵያ ወስደው ለማሳደግና ለማስተማር ቃል ገቡ። አርባ ልጆች የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላስታውስም። ከዚያ የሮቢት ውድድር በኋላ ግን በሌላ ዓይን አየሁት። ያን ቀን በገዳሙ ግቢ ነጥብ የያዘ ሰው አልነበረም። እነዚያ ልጆች ቃና ስተው ሊሆን ይችላል፣ እርምጃቸው ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ወላጆቹን ያጣ ልጅ ሲነፋ ከትንፋሹ ጋር የሚወጣ ሌላ ነገር አለ። ራስ ተፈሪ የሰሙት እሱን ይመስለኛል። ወረቀቴን ይዤ እዚያ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ አርባዎቹን በስንት ነጥብ እጥላቸው ነበር?

ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ለአዲስ ዓመት አምስት ቀን ሲቀር። የሙዚቃ መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ነበሩ። ባንዱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ሆነ።

እርግጥ የነሐስ ጥሩምባ ከእነሱ በፊትም አዲስ አበባን ያውቃት ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎችን በስጦታ ልከው፣ ወጣቶች ሠልጥነውባቸው ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የእኛው ሰልፍ የራሱ ሙዚቃ ነበረው። ነገሥታቱና መኳንንቱ የሚታጀቡት በነጋሪት፣ በእምቢልታና በመለከት ነው። ነጋሪት ማስመታት የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ማንም ተነስቶ አያስመታም። ከይፋት ራስጌ በአንኮበር ተቀምጠው የገዙት የሸዋ ነገሥታትም ሲወጡና ሲገቡ ቆላውና ደጋው የሚያውቀው በዚህ ድምፅ ነው። ነጋሪት ቃና ሳተ ብሎ የሚገመግም አልነበረም። ሥራው ማስፈራትና ማክበር፣ ሰውን ከያለበት መጥራት ነበር። ሰው ከተጠራ፣ ሥራውን ሠርቷል።

ሙሴ ኬቮርክ የገጠማቸው ጉዳይ ግን ሁለት ጆሮ ላለው አድማጭ መጫወት ነበር። አንደኛው ጆሮ የውጭው ነው። አምባሳደር ሲመጣ፣ የሩቅ አገር ልዑል ከባቡር ሲወርድ፣ ባንዱ ተሰልፎ የእንግዳውን አገር መዝሙር በሥርዓቱ መጫወት አለበት። አዲስ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነች አገር በዚያ ሰልፍ ትመዘናለች። ዲፕሎማቱ ወረቀት ባይዝም ዳኛ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ኖታ ለአገሩ በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው ጆሮ የከተማው ሕዝብ ነው። እሱ የፈረንሳይን መዝሙር ከእንግሊዝ ለይቶ አያውቅም። መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ልቡን የሚያሞቅለት ነገር ነው።

ለእንግዳው መዝሙሩን ስትጫወትለት፣ ያንተስ የታለ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ በ1926 እ.ኤ.አ. ሙሴ ኬቮርክ የኢትዮጵያን መዝሙር ዜማ ደረሱ። ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው፤ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የተነሱ፣ የቅኔ ቤት ሰው፣ ባለ ቴአትር። ይህን ጥምረት ልብ በሉልኝ። አንዱ ከአይንታብ የተሰደዱ አርመናዊ የባንድ መሪ፣ ሌላው ከቅኔ ማኅሌት የወጡ ጎጃሜ ባለቅኔ። አንዱ ለውጭው ጆሮ የሚበቃውን ያውቃሉ፣ ሌላው የውስጡን ጆሮ። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል መዝሙሩ ወይ ለአምባሳደሮች ብቻ፣ ወይ ለእኛ ብቻ የሚሆን ይመስለኛል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ አዲስ አበባ ከዓለም ዙሪያ በመጡ ልዑካንና ጋዜጠኞች ተሞልታ ነበር። ያ መዝሙር የአገሪቱ ድምፅ ሆኖ ቀረበ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም አገለገለ። የአርባዎቹ ውል ግን አራት ዓመት ያህል ቆይቶ አብቅቶ ነበር። ልጆቹ አድገዋል፤ ገሚሱ ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ ገሚሱ እዚሁ ቀርቶ ቤት መሠረተ። ንጉሠ ነገሥቱን የሚያጅበው ባንድም ወደ ስዊዘርላንዳዊው አንድሬ ኒኮ እጅ ተላለፈ። ሙሴ ኬቮርክ ግን አገሩን አልለቀቁም። ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

የጣሊያን ወረራ መጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሙሴ ኬቮርክ የወንድማቸውን ልጅ ኔርሰስን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ኔርሰስ ናልባንዲያን በ1915 እ.ኤ.አ. በዚያችው በአይንታብ፣ ሕዝባቸው በሚጠፋበት ዓመት የተወለዱ ናቸው። ያደጉት በሶርያዋ ሐለብ ነው። ከነፃነት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መሩ። በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ ከኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ቀጥሎ ኦርኬስትራውን ለኔርሰስ ሰጠ።

አጎት የሰልፉ ሰው ነበሩ፤ የወንድም ልጅ ደግሞ የመድረኩ ሰው ሆኑ። በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊስ ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍሎች ጠዋት በሰልፍ ሜዳ ማርሽ ይጫወታሉ፣ ማታ ደግሞ ከዚያው ግቢ የወጡ ሙዚቀኞች በመድረክ ዘፋኝ ያጅባሉ። ትራምፔቱ ያው ነው፣ ከንፈሩ ያው ነው። ጠዋት የሚመዝነው መኮንን ነው፤ ማታ የሚመዝነው ትኬት የገዛ ሰው። ታላቁ ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ታጅቦ ሲዘፍን የሰማ ሁሉ፣ ከጀርባው ያለው የነሐስ ድምፅ በሰልፍ ሜዳ የተገራ መሆኑን ይሰማል። የማርሹ ሥርዓት ባይኖር ያ የ1960ዎቹ ወርቃማ የሚባለው ሙዚቃ አይወለድም ነበር። ሰዉን ለማስጨፈር መድፈር ባይኖር ደግሞ ያ ሥርዓት ከግቢ ወጥቶ እኛ ጋ አይደርስም ነበር።

ኔርሰስ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። የአገሩን ዘፈኖች ይዘው ለዘመናዊ ኦርኬስትራ አቀናበሩ፣ የእኛን ቅኝት ሳያፈርሱ የድምፅ ቅንጅት አለበሱት። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የመዝሙሩን ዜማ ደረሱ። ሙሴ ኬቮርክ ያረፉት በዚያው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። አጎት ለአንዲት አገር መዝሙር ደርሰው ሲያሸልቡ፣ የወንድም ልጅ ለአህጉር ደረሱ። ኔርሰስ በ1977 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከቦስተን የመጣው ኢዘር ኦርኬስትራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጫውቶ፣ ኋላም የኔርሰስን ቅንብሮች ከመሳቢያ አውጥቶ ሕይወት ዘራባቸው።

ይህ የዳኝነት ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ድራም ኮርፕስ የሚሏቸው የነሐስና የከበሮ ጓዶች አሏቸው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የጀመረ ዓመታዊ ሻምፒዮናም ያካሂዳሉ። ቀድሞ የነበረው አሠራር የእኔን እስክሪብቶ ይመስላል። ዳኞች በሰልፈኞቹ መካከል እየተዘዋወሩ፣ ለእያንዳንዱ ስህተት ከነጥቡ አንድ አስረኛ ይቀንሱ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ከባድ ነገር የሞከረ ይቀጣል፣ ቀላል ነገር ይዞ ያልተሳሳተ ያሸንፋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህን ተዉት፤ አጠቃላይ ስሜት የሚሉት ክፍል ከ100ው 40 ነጥብ እስከ መያዝ ደረሰ። ይህም ጭቅጭቁን አልዘጋም፤ ጓዶቹ ለዳኛ እንጂ ለሰው መጫወት ረሱ የሚሉ ነባር ተመልካቾች አሁንም አሉ። በአንጻሩ የጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ባንዶች በእግር ኳሳቸው ዕረፍት ሰዓት ገብተው ስታዲየሙን ያስጨፍሩታል። ዳኛቸው ከመቀመጫው የተነሳው ሰው ነው። ግን እነሱም ያለ ጨካኝ ልምምድ እዚያ አልደረሱም።

እኛም ብንሆን ነገሩን ቀምሰነዋል። በደርግ ዘመን ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ አውራጃው የየራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ እየተወዳደረ ሽቅብ ይወጣል። እኔም በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በልጅነቴ ተሰልፌያለሁ። ያኔ ነጥብ የሚያሰጠው መፈክሩ መሆኑን ከሁላችንም በፊት ያወቀ አንድ ጓደኛችን ነበር። መፈክር ጨመርን፣ ዘፈን ቀነስን፣ አሸነፍን። በመጣንበት መንደር ግን ያን ዘፈን ደግሞ የዘፈነው ሰው አልነበረም። ዋንጫው የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዳኛ አያስፈልግም ልል እንዳልሆነ ይገባሃል። የመጀመሪያው ባንድ ልጆች ያን መስመር ለመያዝ በዚያ ፀሐይ ስንት ቀን እንደቆሙ አውቃለሁ፤ 91 ነጥባቸው ሐቅ ነው፣ አልነካባቸውም። ሙሴ ኬቮርክም ለኖታ ግድ የሌላቸው ሰው ቢሆኑ ኖሮ አርባዎቹ በኢየሩሳሌም ያገኙት ርኅራኄ አዲስ አበባ ላይ አንድ ወር አያቆያቸውም ነበር። ርኅራኄ በር ይከፍታል፤ ገብቶ ለመቆየት ሙያ ይጠይቃል። ነገር ግን በሩ የተከፈተው በነጥብ አልነበረም። ሰው ቆሞ ሰምቶ፣ ልቡ ስለተነካ ነው። እኔ ሮቢት ላይ የያዝኩት ወረቀት ለሙያው አራት ሣጥን ነበረው፤ ለዚያኛው አንድም አልነበረውም። ደግሞም የልጆቹን መሣሪያ የወሰደው ጦርነት ሆኖ ሳለ፣ የቀጣኋቸው እኔ ነኝ።

ከተመለስኩ በኋላ ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። ውጤት ይቀየር አላልኩም፤ የተፈረመ ሒሳብ በደብዳቤ አይፋቅም። የሚቀጥለው ወረቀት አምስተኛ ሣጥን እንዲኖረው፣ የዚያ ሣጥን ዳኛም ባንዶቹን ከማያውቅ ከሌላ ከተማ እንዲመጣና ከመድረክ ወርዶ ከሕዝቡ መካከል እንዲቀመጥ ለመንኩ። ለልብስ የተሰጠው 20 ነጥብ እንዲቀነስም ጠየቅኩ፤ ልብስ የሚገዛው ወላጅ እንጂ ሙዚቀኛው አይደለምና። መልስ እስካሁን አልመጣም። አንድ ያገለገለ ትልቅ ከበሮ ግን መርካቶ አግኝቼ፣ በሚኒባስ ጭኜ ወደ ቆላው ልኬአለሁ። ለትራምፔት ነፊው ልጅም መልእክት አስይዣለሁ። ለጥያቄው መልስ የሚሆን ነጥብ አሁንም የለኝም። የአርባዎቹን ታሪክ ግን በሁለት ገጽ ጽፌ ከከበሮው ጋር ጠቅልዬለታለሁ።

ለሚቀጥለው ውድድር ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ካልጠሩኝም ከሕዝቡ ጋር እቆማለሁ። ቸር ያሰንብተን።